ስንዋሽ አንጎላችን ምን ይሠራል?

ግራ_የገባው
ሰላም ለሁላችሁ። ዛሬ ጠዋት ስልኬ ጮኸ። ቀጠሮ የነበረን ጓደኛዬ ነው። «የት ደረስክ?» አለኝ። «መንገድ ላይ ነኝ፣ ተዘጋግቶብኝ ነው» አልኩት። አልጋ ውስጥ ነበርኩ። ብርድ ልብሱን እንኳን አልገለጥኩም።

የገረመኝ መዋሸቴ አይደለም፣ እሱን ለምጄዋለሁ። የገረመኝ ቀጥሎ የመጣው ነው። «ታዲያ የመኪና ድምፅ ለምን አይሰማም?» አለኝ። ክው አልኩ። ሁለት ሰከንድ ያህል ዝም። ጆሮዬ ጋለ። ዓይኔ ጣሪያው ላይ ተተከለ። ከዚያ «መስኮቱን ዘግቼው ነው» የሚል ነገር ከየት እንደመጣ ሳላውቅ ከአፌ ወጣ።

በነዚያ ሁለት ሰከንዶች ጭንቅላቴ ምን ሲሠራ ነበር? የመጀመሪያው ውሸት እንደ ውሃ ፈሰሰ፣ ሁለተኛው ለምን ጉሮሮዬ ላይ ተሰነቀረ? የምታውቁ አስረዱኝ። ስብከት ግን ይቅርብኝ፣ ከጓደኛዬ የሚበቃኝን ሰምቻለሁ።

ቀደዳ_ብቻ
«መስኮቱን ዘግቼው ነው» ሃሃሃ። ወንድሜ፣ ለዚህ መልስ ሁለት ሰከንድ ብዙ አይደለም። እኔ ብሆን «ኤሌክትሪክ መኪና ነው» ብዬ እገላገል ነበር።

የነርቭ_ነገር
ጥያቄህን ወድጄዋለሁ። መልሱ ግማሹ ራስህ የጻፍከው ውስጥ አለ።

እውነት ስትናገር ሥራህ አንድ ነው፣ የምታውቀውን ማውጣት። ስትዋሽ ሥራው ይበዛል። እውነቱን መያዝ አለብህ፣ ካልያዝከው ከምኑ ትሸሻለህ? አፍህ ላይ የደረሰውን እውነት መልሰህ መዋጥ አለብህ። በቦታው ሌላ ነገር መፍጠር አለብህ። በዚያ ላይ በጓደኛህ ጭንቅላት ውስጥ ገብተህ «ይሄ ሰው ምን ያውቃል? ምን ብለው ያምነኛል?» ማለት አለብህ። ይህ ሁሉ ስልክ ጆሮህ ላይ እያለ ነው።

አብዛኛውን ሸክም የሚሸከመው ከግንባራችን ጀርባ ያለው ፕሪፍሮንታል ኮርቴክስ ነው። ወደ መሃል ገባ ብሎ ደግሞ አንቲሪየር ሲንጉሌት የሚባል ክፍል አለ። ሁለት መልሶች ሲጋፉ ከሚነቁት አንዱ እሱ ነው።

በ2001 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው) ሾን ስፔንስና ባልደረቦቹ እንግሊዝ ውስጥ ሰዎችን በዚያ ቀን ስላደረጓቸው ተራ ነገሮች ጠየቋቸው። አንዳንዴ እውነቱን፣ አንዳንዴ ውሸት እንዲመልሱ አዘዟቸው። ሲዋሹ በአማካይ 200 ሚሊሰከንድ ገደማ ዘገዩ። ኤምአርአይ ስካነር ውስጥ ሲገቡም በግራም በቀኝም የፕሪፍሮንታል ኮርቴክሳቸው የታችኛው ጎን ይበልጥ ሲሠራ ታየ። በ2002 ዳንኤል ላንግለበን አሜሪካ ውስጥ፣ በፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ፣ ለሰዎች የመጫወቻ ካርታ ሰጥቶ «አልያዝኩም» እንዲሉ አደረገ። እሱም አንቲሪየር ሲንጉሌቱ ላይ ጭማሪ አየ። እኔን የሳበኝ ግን ሌላው ግኝት ነው። በሁለቱም ጥናቶች እውነት ሲነገር ከውሸቱ በላይ የሠራ ቦታ አልተገኘም። እውነት መነሻው ነው፣ ውሸት በላዩ የሚጨመር ሥራ።

አሁን ወደ አልጋህ እንመለስ። በ2003 ጆርጂዮ ጋኒስና ባልደረቦቹ ተለማምደው የተዘጋጁ ውሸቶችንና እዚያው የተፈጠሩትን አነጻጸሩ። አንጎል ሁለቱን በአንድ መንገድ አያስተናግዳቸውም። እዚያው የሚፈጠረው ውሸት አንቲሪየር ሲንጉሌቱንና ምስል የሚያስተናግደውን የአንጎል ክፍል ይበልጥ ያሠራል። የተሸመደደው ይበልጥ የሚያሠራው ሌላ ቦታ ነው፣ የቀኙን የፊት ክፍል። «መንገድ ላይ ነኝ» የተሸመደደ ነው። ስንት ጊዜ ብለኸዋል? «መስኮቱን ዘግቼው ነው» ግን ትኩስ ሥራ ነበር። መኪናውን መሳል፣ መስኮት መግጠም፣ መስኮቱን መዝጋት ነበረብህ።

ግራ_የገባው
ወይ ጉድ። መኪናው እኮ ሰማያዊ ነበር። አሁን ስታነሳው ትዝ አለኝ።

ጠያቂዋ
የነርቭ ነገር፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። እንግዲያው የውሸት ቦታ አለ ማለት ነው? ያ ቦታ ሲበራ «ይሄ ሰው ዋሸ» ማለት ይቻላል?

የነርቭ_ነገር
አይቻልም እህቴ። ሁሉም ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። እነዚያ ቦታዎች ለውሸት ብቻ የተቀጠሩ አይደሉም። በቃል ሂሳብ ስትሠሪ፣ የረሳሽውን ስም ስትፈልጊ፣ ልትናገሪ ያልሽውን ነገር ስትውጪም ይሠራሉ። እውነት እየተናገርሽ ቃል ስትመርጪም እንደዚያው። ኤፍኤምአርአይ፣ ማለትም ያ ስካነር፣ የሚያየው የደም ፍሰትና የኦክስጅን ለውጥ ነው። ሐሳብ አያይም። ጭስ አይተሽ ምን እየተቃጠለ እንደሆነ እንደመገመት በይው።

ፋይል_ተመልካች
እኔ የተማርኩት ሕግ ነው። አንጎሉን ለነርቭ ነገር ትቼ ስለ ማሽኑ ልጻፍ። ሰው «ውሸት የሚይዝ ማሽን አለ» ሲል ደሜ ይፈላል።

ፖሊግራፍ የሚለካው ትንፋሽ፣ የደም ግፊት፣ የልብ ምትና የቆዳ ላብ ነው። ውሸት የሚባል ነገር እዚያ ውስጥ የለም። ንጹሕ ሰው ፈርቶ ላብ ያልበዋል፣ ዓይኑን በጨው የታጠበ ቀጣፊ ደግሞ ትንፋሹ አይዛነፍም። በፈረንጆቹ 1923 አንድ የአሜሪካ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በደም ግፊት ውሸት እለያለሁ የሚለውን የዊልያም ማርስተን ምርመራ አልቀበልም ብሏል። ምክንያቱ በዘርፉ ሊቃውንት ዘንድ ገና ተቀባይነት አላገኘም የሚል ነበር። ሰውዬው በኋላ የኮሚክ ጀግና ፈጥሮ የያዘችውን ሰው ሁሉ እውነት የምታናግርበት ገመድ ሰጣት። ፍርድ ቤት ያልተቀበለውን ሥዕል ላይ አገኘው።

አልድሪች ኤምስን ደግሞ አትርሱ። የሲአይኤ ሠራተኛ ሆኖ ለሶቪየት ይሰልል ነበር። በ1986ም በ1991ም ፖሊግራፍ አለፈ። የተያዘው በ1994 ነው።

አዲሱ ማሽንም ቢሆን ፍርድ ቤት አልገባም። አሜሪካ ውስጥ አንድ ተከሳሽ እንዳልዋሸ ለማሳየት የኤፍኤምአርአይ ውጤት አቅርቦ ነበር፣ ዳኛው አልተቀበሉትም፣ በ2012 ይግባኝ ሰሚውም ውሳኔውን አጸና። የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2010 ሰውን ያለ ፈቃዱ በፖሊግራፍም፣ በአንጎል ምርመራም፣ በመርፌ እያደነዘዙም መመርመር አይቻልም ብሏል። ይህን ውሳኔ እወደዋለሁ። ጥያቄውን ከ«ማሽኑ ይሠራል ወይ?» አውጥቶ «ጭንቅላቴ የማን ነው?» ወደሚለው ስለወሰደው።

የነርቭ_ነገር
ለፋይል ተመልካች አንድ ልጨምርልህ። በ2011 ያው ጋኒስ በስካነሩ ውስጥ ውሸትን መቶ በመቶ የሚለይ ሙከራ አዘጋጀ። ከዚያ ተሳታፊዎቹን አንድ ዘዴ አስተማራቸው። ከውሸቱ ጋር የማይገናኙ አንዳንድ ጥያቄዎች ሲመጡ ጣታችሁን ማንም በማያየው መጠን አንቀሳቅሱ አላቸው፣ የእጅ ወይም የእግር። ትክክለኛነቱ ወደ 33 በመቶ ወረደ። በጣት!

ቀደዳ_ብቻ
ከነገ ጀምሮ ክፍት ጫማ እተዋለሁ።

ጡረተኛው_መምህር
ልጆች፣ ክርክራችሁን እያነበብኩ ነው። አባቶቻችን «ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል» ይላሉ። ትርጉሙ የታወቀ ነው። ስንቅ በመንገድ እየተበላ ይቀላል። ውሸትም ቀን በጨመረ ቁጥር ክብደቱን ያጣል፣ ይጋለጣል።

እኔ ግን አርባ ዓመት አስተምሬ ሌላ ትርጉም አይቼበታለሁ። ለዋሺውም ይቀለዋል። «የቤት ሥራዬን ረስቼው መጣሁ» የሚል ልጅ የመጀመሪያ ቀን ድምፁ ይንቀጠቀጣል። በወሩ ዓይን ዓይኔን እያየ ይነግረኛል። ሳይንሱ ስለዚህ የሚለው ነገር አለ?

የነርቭ_ነገር
ጋሼ፣ የተናገሩት ነገር በ2016 ለንደን ውስጥ ተለክቷል ማለት ይቻላል። ኒል ጋሬት፣ ታሊ ሻሮትና ባልደረቦቻቸው ናቸው። ተሳታፊው ሳንቲም የሞላበት የመስታወት ማሰሮ ፎቶ ያያል። ውስጡ ስንት እንዳለ በደንብ ለማያየው ሌላ ሰው ይነግራል። በአንዱ ዙር አጋኖ ቢነግረው ራሱ ይጠቀማል፣ ያኛው ይጎዳል። ዋሽ ያለው የለም፣ አትዋሽ ያለውም የለም።

ሰዎቹ በትንሹ ጀመሩ። ከዚያ ጨመሩ። ከዚያም ጨመሩ። ስካነር ውስጥ የነበሩት ላይ ደግሞ አሚግዳላ የምትባለው፣ አንጎል ውስጥ ጠለቅ ብላ ያለች፣ የለውዝ ፍሬ የምትመስል፣ ከስሜት ጋር የተያያዘች ክፍል መጀመሪያ ላይ ለውሸቱ ጎላ ያለ ምላሽ ነበራት። በተደጋገመ ቁጥር ምላሿ እየደከመ ሄደ። በአንድ ዙር ምላሿ ብዙ ከወረደ የሚቀጥለው ውሸት ይበልጥ ያድጋል። ሰውዬው ራሱን ሲጠቅም ነው ይህ የታየው፣ ሌላውን ብቻ ለመጥቀም ሲያጋንን ውሸቱ እንደዚያ አላደገም።

እንግዲህ የእርስዎ ተማሪ ድምፁ መንቀጥቀጡን የተወው ደፋር ስለሆነ ላይሆን ይችላል። ማንቂያው ለምዶት ይሆናል።

ጡረተኛው_መምህር
እግዜር ይስጥልኝ። ያ ልጅ አሁን ትልቅ ሰው ነው። የት እንደሚሠራ አልነግራችሁም።

ሰላማዊት_ነኝ_በቃ
ሌላውን ለመጥቀም ካላችሁ አይቀር፣ ስለ ነጭ ውሸት የሚጽፍ የለም? «ፀጉርሽ አምሮብሻል» ዓይነቱን ማለቴ ነው።

ፋይል_ተመልካች
እሱ ነጭ ውሸት አይደለም እኮ። ነጭ ውሸት በአማርኛ ዓይን ያወጣው፣ ፊት ለፊት የሚጋፈጥህ ነው። ለስላሳውን «ነጭ» ያሉት ፈረንጆቹ ናቸው፣ እኛ ተርጉመን አመጣነውና ቃሉ ተገለበጠ። ያንቺኛው ይሉኝታ ነው።

ሰላማዊት_ነኝ_በቃ
እሺ፣ ይሉኝታ ይሁን። ለማንኛውም ፀጉሯ አላማረባትም ነበር።

አላምንም_ባይ
ለሁላችሁም አክብሮት አለኝ፣ ግን አንድ ነገር ይቆረቁረኛል። ተመራማሪው «ዋሽ» ብሎ አዞት የሚዋሽ ሰው ዋሸ ይባላል? ትእዛዝ ነው የፈጸመው። የካርታው ሙከራ ትወና ነው። የሚጎዳ የለም፣ የሚያፍር የለም።

ደግሞ ሰዉ እዚህ «ተጠንቷል» ሲባል ዝም ብሎ ይቀበላል። በፈረንጆቹ 2012 ሰው ቅጽ ላይ ከመሙላቱ በፊት ቢፈርም ይበልጥ ሐቀኛ ይሆናል የሚል ታዋቂ ጥናት ወጥቶ ነበር። በ2021 ተሰረዘ። ከመረጃው መካከል የፈጠራ ቁጥር ተገኝቶበት። ስለ ሐቀኝነት የተጻፈ ጥናት!

የነርቭ_ነገር
የመጀመሪያው ትችትህ ልክ ነው፣ ተመራማሪዎቹም ያውቁታል። ለዚህ ነው በ2009 ጆሹዋ ግሪንና ጆሴፍ ፓክስተን ዘዴውን የቀየሩት። ሳንቲም ከመወርወሩ በፊት ግምትህን በልብህ ያዝ አሉ። ከተወረወረ በኋላ ገምተህ እንደነበር ራስህ ትናገራለህ፣ ልክ ከሆንክ ብር ታገኛለህ። የሚያጣራ የለም። ግን ሳንቲም ነው። ግማሽ ገደማ ነው የሚሳካው። አንዱ ዘጠና በመቶ ልክ ነበርኩ ካለ፣ ያው ነው።

ያገኙት ነገር ቀደም ብዬ የጻፍኩትን ያወሳስበዋል፣ ልደብቀው አልፈልግም። ሐቀኞቹ የመዋሸት ዕድል እያላቸው ሳይዋሹ ሲቀሩ ራስን የሚቆጣጠረው የአንጎል ክፍል ምንም ተጨማሪ ሥራ አልታየበትም። አልታገሉም። የሚዋሹት ሰዎች ግን ሲዋሹም፣ አልፎ አልፎ ሲታቀቡም ያ ክፍል ይሠራል። እውነት ለአንዱ መነሻ ነው፣ ለሌላው ትግል።

በ2014 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ የፕሪፍሮንታሉ የላይኛው ጎን የተጎዳባቸው ሰዎች እውነት መናገር ጥቅማቸውን ሲነካ ከሌሎች ያነሰ ሐቀኛ ሆኑ አለ። ያ አካባቢ ለማታለል ብቻ ሳይሆን ላለመዋሸትም ይጠቅማል ማለት ነው። የፓርኪንሰን ሕመምተኞች ደግሞ በተቃራኒው ውሸት እንደሚያስቸግራቸው በ2009 ታይቷል። የእነሱ ችግርም ከፊተኛው ክፍል ሥራ መድከም ጋር ተያይዟል። እንግዲህ አንድ መስመር አስምረህ «ይሄኛው የውሸት፣ ያኛው የእውነት» ማለት አትችልም።

አላምንም_ባይ
እሺ፣ ይሄኛው መልስ ተመቸኝ። ካወሳሰብከው አምንሃለሁ።

የልጆች_እናት
ልጄ ሦስት ዓመት ከመንፈቋ ነው። ትናንት ግድግዳው ላይ ሥላ አገኘኋት። እስክሪብቶው በእጇ ነው። አፍንጫዋ ጫፍ ላይ ሰማያዊ ቀለም አለ። «ማነው የሣለው?» አልኳት። «ድመቷ» አለችኝ። ድመት የለንም። ልጨነቅ?

የነርቭ_ነገር
ብትስቂ ይሻላል። ልጅ ለመዋሸት አንድ ትልቅ ነገር መረዳት አለባት። እናቴ የማታውቀው፣ እኔ ብቻ የማውቀው ነገር አለ የሚለውን። ተመራማሪዎቹ ቪክቶሪያ ታልዋርና ካንግ ሊ ከልጆቹ ጀርባ አሻንጉሊት አስቀምጠው «ዞራችሁ እንዳታዩ» ብለው ከክፍሉ በመውጣት ብዙ ልጆችን ፈትነዋል። ዞረው ካዩት የሦስት ዓመት ልጆች ግማሽ ያህሉ አላየሁም ይላሉ፣ ከአራት ዓመት በኋላ አብዛኞቹ። ጥበቡ ግን ገና አልበሰለም። አላየሁም ያለው ልጅ ወዲያው አሻንጉሊቱ ምን እንደሆነ ይናገራል። የአንቺዋም ድመት እንደሌላችሁ አላሰላችም።

የአባቷ_ልጅ
ከናንተ ጋር ለመሳቅ አልቻልኩም፣ ይቅርታ። አባቴ ዓመት ሆኖታል ከታመመ። አንጎሉ ፊተኛው ክፍል ላይ ጉዳት አለ ተብለናል። ከቤት አይወጣም። ትናንት ማታ ግን አጠገቡ ስቀመጥ «ዛሬ ቢሮ ብዙ ፊርማ ነበር፣ እጄ ደከመ» አለኝ። ጡረታ ከወጣ አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው። ቀኝ እጁን በግራው እያሻሸ ነበር የሚነግረኝ። «አባዬ፣ ዛሬ የትም አልሄድክም» አልኩት። ተቆጣ። «ውሸታም ነኝ?» አለኝ። በሕይወቱ ውሸት የሚጠላ ሰው ነበር። ይሄ ምንድን ነው? እያወቀ ነው?

የነርቭ_ነገር
እህቴ፣ ከሰውዬው ርቄ ምርመራ ልሰጥሽ አልችልም። የምትገልጪው ነገር ግን ስም አለው፣ ኮንፋቡሌሽን ይባላል። ውሸት አይደለም። ከላይ የጻፍኩትን አስቢው። ዋሺ እውነቱን ይይዛል፣ ያፍናል፣ ሌላ ይፈጥራል። አባትሽ የሚያፍነው ነገር የለም። ትዝታው ላይ ክፍተት አለ፣ አንጎሉ ደግሞ ክፍተት አይወድም። ድሮ የነበረውን የእውነት ትዝታ አምጥቶ ዛሬ ላይ ይለጥፈዋል። «ይሄ የዛሬ ነው ወይስ የድሮ?» ብሎ የሚያጣራው ክፍል ፊት ለፊት ያለው ነው፣ የተጎዳውም እሱ ነው። ለእሱ እጁ በእውነት ደክሟል።

ከቫይታሚን ቢ1 እጥረት በሚመጣው የኮርሳኮፍ ሕመምም ይህ ይታያል። ስለዚህ የሚናገረውን ለሐኪሙ ሳትሸራርፊ ንገሪው፣ ይጠቅመዋል። ለአንቺ ግን አትከራከሪው እላለሁ። ስትከራከሪው የሚሰማው ስድብ ነው። ስለ ቢሮው ጠይቂው።

ጠያቂዋ
ትዝታው ያልተጎዳ ሰውም ይህን ያደርጋል እኮ። የአንጎል ተመራማሪው ማይክል ጋዛኒጋ ሁለቱ የአንጎል ክፍሎች በቀዶ ሕክምና የተለያዩለት ሰው ላይ ያየውን አንብቤ ነበር። ግራው ክፍል የዶሮ እግር ብቻ አየ፣ ቀኙ በረዶ ብቻ። ሰውዬው ከፊቱ ከተደረደሩት ሥዕሎች በአንድ እጁ ዶሮ፣ በሌላው አካፋ መረጠ። አካፋው ለበረዶው ነበር። ተናጋሪው ግራ ክፍል ግን በረዶ አላየም። ለምን አካፋ መረጥክ ሲባል «የዶሮ ቤቱን ለማጽዳት» አለ። ሳያቅማማ። እኔም ስንቴ እንዲህ እንደማደርግ ማን ያውቃል።

ቀደዳ_ብቻ
እኔ ግን አንድ ጥያቄ አለኝ፣ ቀልድ አይደለም። ያለ ማሽን እኛ ራሳችን ውሸታም መለየት እንችላለን? የአክስቴ ልጅ ዓይኑ ወደ ቀኝ ከሄደ ዋሸ ብላ ፍቅረኛዋን ተጣላች።

የነርቭ_ነገር
አስታርቃቸው። የዓይኑ ነገር በ2012 ተፈትኖ ወድቋል። ሰው ውሸትን ከእውነት የመለየት ችሎታው በአማካይ 54 በመቶ ነው፣ ብዙ ጥናቶች ተደምረው በ2006 የወጣ ቁጥር ነው። ሳንቲም ብትወረውር 50 ነው። አንድ የሚገርም ግን አለ። በ2000 የወጣ ጥናት ላይ በግራ አንጎላቸው ጉዳት ንግግር መረዳት የተሳናቸው ሰዎች ስሜቱን የሚደብቅ ሰውን በመለየት ጤነኞቹን በልጠዋል። ቃሉ አላሳታቸውም፣ ፊቱን ብቻ ነው ያዩት።

የሚሻለው ሥራውን ማብዛት ነው። አልደርት ቭሬይ የሚባል ተመራማሪ ታሪኩን ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው እንዲናገሩ ማድረግን ሞክሯል። እውነቱን የሚናገር ሰው ይቸገራል፣ የፈጠረው ሰው ይበልጥ ይቸገራል። የግራ ገባው ጓደኛ ሳያውቀው ያደረገው ይህን ነው። ያልተጠበቀ ጥያቄ ጠየቀ።

ግራ_የገባው
ተመለስኩ። ዛሬ ጠዋትም ቀጠሮ ነበረን። ደወለ። «የት ደረስክ?» ምላሴ ላይ «መንገ...» የሚለው ደርሷል። ዋጥኩት። እውነቱን ለመናገር ይሄም ሥራ ነው፣ ማንም አልነገረኝም። «አልጋ ውስጥ ነኝ» አልኩት። በወዲያ በኩል ዝም አለ። ቆጠርኩ፣ ሁለት ሰከንድ። ከዚያ «እኔም ገና አልወጣሁም» አለኝ። ደግሞ አላመንኩትም።

የአባቷ_ልጅ
የነርቭ ነገር፣ አመሰግናለሁ። ማታ ጠየቅኩት። «ቢሮ ማን ማን ነበር?» አልኩት። ቀና ብሎ ተቀመጠ። ሰባት ስም ጠራልኝ፣ ማን ከማን አጠገብ እንደሚቀመጥ ጭምር። ሦስቱን አውቃቸዋለሁ፣ ሁለቱ አርፈዋል። አራቱን ሰምቼ አላውቅም። ደብተር አምጥቼ ሁሉንም ጻፍኳቸው። ሲያየኝ «ፈርሚበት» አለኝ። ፈረምኩ።